ኮምጣጤና ብቅል በጢቾ ማጀት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ ቧንቧ ወይም ስለ ሞተር ይናገር እንጂ ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ ምን አግብቶት ነው የሚል ሐሳብ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ሙቀት፣ ትነትና የማገዶ ወጪ የእኛው ሙያ ጉዳዮች ናቸው፤ ሦስቱም በየቀኑ የሚገናኙት ደግሞ በማጀት ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በአርሲ ደጋ፣ በጢቾ፣ በተወሰነ ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባልሳሚክ የተባለ ኮምጣጤ ሳይገዛ ያንን ጣፋጭና ጎምዛዛ የተዋሐደበት ጣዕም በቤቱ ሊያገኝ ይችላል ወይ?

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደሆነ እንመልከት። ባልሳሚክ የሚሠራው በሰሜን ጣሊያን በሞዴናና በሬጆ ኤሚሊያ ነው። በባህላዊው አሠራር የወይን ጭማቂ በክፍት ዕቃ ተቀቅሎ ይወፍራል፤ ከዚያም ስኳሩ ወደ አልኮል፣ አልኮሉም ወደ አሲድ እየተለወጠ፣ መጠናቸው ተራ በተራ በሚያንስ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ እየተገላበጠ ቢያንስ 12 ዓመት ይቆያል። እጅግ የቆየው 25 ዓመት የሞላው ነው። ይህ በ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ውድ ነገር ስለሆነ ለጊዜው እንተወው። በየሱቁ የምናየው ርካሹ ዓይነት ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ስሙን በሕግ ባስጠበቀለት ደንብ መሠረት፣ ይህኛው የወይን ጭማቂና የወይን ጠጅ ኮምጣጤ ድብልቅ ሲሆን በእንጨት ዕቃ 60 ቀን ቢቆይ ይበቃዋል። እንግዲህ አብዛኛው ገዢ የሚከፍለው ለዘመናት እርጅና ሳይሆን ለድብልቅ ነው ማለት ነው። ድብልቅ ደግሞ እኛም እናውቃለን።

ይህን ጣዕም በርካሽ ለማግኘት ሲባል አዘውትሮ የሚነገር አንድ ምክር አለ፤ ተራውን ኮምጣጤ ከስኳር ጋር እሳት ላይ ጥዶ እስኪወፍር ማፍላት። ይህ ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። አሲዱ ከውኃው ጋር አብሮ ይተናልና። ኮምጣጤው በግማሽ እስኪጎድል ቢፈላ፣ በውስጡ ከነበረው አሲድ ከሲሶው በላይ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ማጀቱን ሞልቶ ዓይን የሚያቃጥለው ይኸው ገንዘብ የወጣበት አሲድ ነው። የሞዴና ሰዎች የሚቀቅሉት ጣፋጩን እንጂ ኮምጣጤውን አለመሆኑን ልብ በሉ። ጣፋጩን ቀቅሎ ማወፈር፣ ጎምዛዛውን ከእሳት ከወረደ በኋላ መጨመር፤ የምለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በጢቾ ጣፋጩ ከየት ይምጣ? ወይን የለንም፤ ማር ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ስኳርም ቢሆን ቆጥበን የምንጠቀምበት ነው። ያለን ገብስ ነው። አሰላ ላይ በ1984 እ.ኤ.አ. የብቅል ፋብሪካ የተቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዞችም ከገብስ ብቅል ኮምጣጤ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። የእኛ እናቶች ብቅል ማብቀልን ለጠላ ብለው ጥንቅቅ አድርገው ያውቁታል። እዚህ ላይ የምንፈልገው በፀሐይ የደረቀና ሻከር ተደርጎ የተፈጨ ብቅል ብቻ ነው፤ አሻሮ አይገባበትም፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በቁሌት ይሞታልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለግማሽ ኪሎ ብቅል 2 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት የጢቾ ከፍታ ራሱ መለኪያ ይሆነዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሚገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲቀላቀል፣ ቀዝቃዛው 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ድብልቁ ወደ 66 ዲግሪ ይመጣል፤ ብቅሉ ሲገባ ደግሞ ወደ 61 ይወርዳል፤ ይህም ይበቃል። ድስቱን በወፍራም ጋቢ ጠቅልሎ አንድ ሰዓት ተኩል ማቆየት ነው። ሲቀምሱት እንደ ብርዝ ከጣፈጠ ደርሷል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ሩብ ሊትር ያህል እስኪቀር፣ ማንኪያ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ይቀቀላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሒሳብ አለ፤ ይህን ሒሳብ ሳያሰላ «ርካሽ ነው» የሚል ሰው ቤተሰቡን ያታልላል። አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ለማትነን ወደ 3,400 ኪሎ ጁል ሙቀት ያስፈልጋል። ሦስት ጉልቻ ከማገዶው ሙቀት ለድስቱ የሚያደርሰው ከመቶ 12 እጅ ያህል ቢሆን፣ ለዚህች ሩብ ሊትር ወደ 2 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነዳል ማለት ነው። እንጨት በሸክም ለሚገዛ ቤት ይህ ከብቅሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ተብሎ እሳት መጫር የለበትም። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ የሚተርፈው ፍም አለ፤ በክረምት ደግሞ ለብርዱ ሲባል ማታ ማታ የሚነድ እሳት አለ። ድስቱ በእነዚህ ላይ ተጥዶ በሁለት ወይም በሦስት ማታ ቢወፍር ምንም አይጎዳውም፤ በየመካከሉ አንድ ጊዜ ማፍላት ብቻ አይረሳ። ይህን ማድረግ የማይችል፣ በኤሌክትሪክ ወይም በከሰል ብቻ የሚያበስል ቤተሰብ ግን ብቅሉን ትቶ ጥቂት ስኳር በውኃ ቢያሟሟ ይሻለዋል፤ ጣዕሙ ቢያንስም ሒሳቡ ይበልጣል።

የወፈረው ጭማቂ በረድ ሲል ለአንድ እጁ ሁለት እጅ ኮምጣጤ፣ በከተማ አቼቶ የምንለው፣ ይጨመርበታል። (ቃሉ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ዕቃውን ሳንገዛ ስሙን ወስደናል።) ሦስት ሩብ ሊትር ይወጣል። ዕቃው ሸክላ፣ ኢናሜል ወይም ማይዝግ ብረት ይሁን፤ አሲድ አሉሚኒየምን ያሟሟል፤ የአብዛኞቻችን ድስት ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ኮምጣጤ ሲገዛም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአሲድ መጠን ማንበብ ይገባል። ለምግብ የሚሆነው ከመቶ 5 እጅ አካባቢ ነው። ሳይበረዝ የሚሸጥ ጥሩ አሲድ ጉሮሮና አንጀት የሚያቃጥል ስለሆነ ከማጀት ይራቅ።

ማር ያለው ቤት ኮምጣጤውንም ራሱ ሊያወጣው ይችላል። ለአንድ ሊትር 150 ግራም ማር፣ ወይም ማር የተቀዳበት ዕቃና ሰፈፍ የታጠበበት ጣፋጭ ውኃ፣ ያለ ጌሾ ይበጠበጣል። መጀመሪያ ራሱ ይፈላል፤ ከዚያ አፉ በሰፊ ዕቃ፣ በስስ ጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ፣ ከምድጃ አጠገብ ለሳምንታት ይቀመጣል። አልኮልን ወደ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየርና ሙቀት ይሻሉና፣ ግጥም አድርጎ መድፈን ሥራቸውን ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ኮምጣጤ አሲዱ ስላልተለካ ለማዕድ ይሁን እንጂ አትክልት በጠርሙስ አሽጎ ለማቆያ አይሁን። በቤቱ አልኮል የማያስገባ ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ክፍል ቢተወው ምንም አይጎድልበትም፤ የብቅሉ ጭማቂ ጌሾም ሆነ አልኮል የለበትም።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። ሎሚ ከቆላ የሚመጣ ስለሆነ በጢቾ ገበያ አንዳንዴ ይወደዳል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ግን ደጋው የሚያበቅላቸው ናቸው። ለአራት ሰው የሚበቃ የተቀቀለ ቀይ ሥርና ድንች ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የብቅሉ ኮምጣጤ፣ ትንሽ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበቃል። ለጾም ቀን እጅግ የሚስማማው ግን አዚፋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አሲድ የጥራጥሬን መለስለስ ያዘገያል፤ ውኃችን በ91 ዲግሪ ስለሚፈላ ደግሞ ምስር በጢቾ ያለዚያም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ኮምጣጤው ገና ከመጀመሪያው ከተጨመረበት እንጨቱ አልቆ ምስሩ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ምስሩ በንጹሕ ውኃ ይቀቀል፤ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ ይጠበቅ፤ ይውረድ፤ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላ ሰናፍጩ፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ይግባ፤ ኮምጣጤው የመጨረሻው ይሁን።