ሁለት ሎሌዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ትምህርትና ስለ ልምድ ነው። መጠየቁም ተገቢ ነው፤ ያልተማረ እጅ ሥራን ያበላሻልና። ነገር ግን የምስክር ወረቀት ሊገልጠው የማይችል አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሠራተኛው አሠሪው በማያየው ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው። ይህንም ለመረዳት በቅዱሳት መጻሕፍት የተነገረላቸውን ሁለት ሎሌዎች ዛሬ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የተጻፈው የአብርሃም ሎሌ ነው። ለይስሐቅ ሚስት ያመጣ ዘንድ 10 ግመሎችንና የጌታውን ሀብት ይዞ ወደ ሩቅ አገር ሄደ። በዚያ የሚቆጣጠረው አልነበረም። እርሱ ግን በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ሥራውን በጸሎት ጀመረ። መንገድ አድክሞት በገባበት ቤት ማዕድ ቢቀርብለት፣ የተላከበትን ነገር ሳይናገር እህል አልቀመሰም። ጉዳዩ ከተፈጸመ በኋላም የርብቃ ቤተ ሰዎች 10 ቀን ያህል እንድትቆይ ቢለምኑት፣ ሳይዘገይ ወደ ጌታው ለመመለስ ተነሣ። በተመለሰም ጊዜ ያደረገውን ሁሉ ለይስሐቅ ነገረው። እንግዲህ የመልካም ሠራተኛ ጠባይ በእርሱ ተገልጦ እናያለን፤ ሥራውን ከእግዚአብሔር ጋር ይጀምራል፤ አደራውን ከሆዱ ያስቀድማል፤ ጊዜን አያባክንም፤ የሠራውንም በእውነት ያስረዳል።

ሁለተኛው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የተነገረለት የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ነው። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ በተፈወሰ ጊዜ ኤልሳዕ ገጸ በረከቱን አልቀበልም ብሎ አሰናበተው። ግያዝ ግን በስተኋላ ሮጦ፣ ጌታው የላከው አስመስሎ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ በቤትም ሸሸገው። ነቢዩ ከወዴት እንደመጣ ቢጠይቀው የትም አልሄድሁም ብሎ ካደ። የንዕማንም ለምጽ በእርሱና በዘሩ ላይ ተጣበቀ። ይህ ሰው ልምድ የጎደለው አልነበረም፤ በቅዱስ ሰው ቤት ያገለገለ፣ ተአምራትንም በዐይኑ ያየ ነበር። የጎደለው መታመን ነው። እግዚአብሔር ያለ ዋጋ የሰጠውን እርሱ ሸጠው፤ የሸጠውም በጌታው ስም ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ የግያዝ ሥራ ከግያዝ ጋር አልተቀበረም። ስንቋን ቋጥራ ከገጠር የመጣችውን ባልቴት ዛሬ ነገ እያለ ደጅ የሚያስጠና፣ በሕግ የሚገባትን ፊርማ በመማለጃ የሚሸጥላት፣ ሲቀበልም ለእኔ ሳይሆን ለአለቃ ነው የሚል ሠራተኛ የግያዝን መንገድ ይከተላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ስንቱን አሳስቷል! ግያዝም በላ፤ የበላው ግን ደዌ ሆኖ ለዘሩ ተረፈ። መማለጃ ባይቀበልም አርፍዶ የሚገባ፣ ቀድሞ የሚወጣ፣ አለቃው ሲመጣ ብቻ ብዕር የሚያነሣ ሰው፣ ያልሠራበትን ደመወዝ ይበላልና ከነቀፋ አያመልጥም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 3 የሚያስተምረን፣ ለታይታ ሳይሆን እግዚአብሔርን በመፍራት በቅን ልብ እንድናገለግል ነው።

አሠሪም ይስማ። ደመወዝን ከልክሎ ታማኝነትን መሻት ግፍ ነው፤ የተከለከለ የሠራተኛ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 አስጠንቅቋል።

እኛም ካህናት ራሳችንን ከዚህ አናወጣም። ግያዝ ያገለገለው በነቢይ ቤት ነበርና። ለባለጸጋው ፍትሐት ፈጥነን ለድኻው ዘግይተን እንደሆነ፣ ያለ ዋጋ የተቀበልነውን ጸጋ በዋጋ መዝነን እንደሆነ፣ ይህ ቃል አስቀድሞ የሚወቅሰው እኛን ነው።

ስለዚህ ነገ ማለዳ ወደ ሥራችን ስንሄድ በደጁ ላይ አማትበን እንግባ። አስቀድሞ የመጣውን ባለጉዳይ አስቀድመን እናስተናግድ፤ ዛሬ የሚፈጸመውን ለነገ አናሳድር፤ ባጠፋን ጊዜም ከመካድ ይልቅ አጥፍቻለሁ ማለትን እንልመድ። ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ግያዝ የተጠየቀውን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከወዴት መጣን? እጃችንስ ምን ይዟል?

በጥቂቱ የታመኑትን በብዙ የሚሾም አምላካችን የሁላችንንም አገልግሎት ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።