ዓሣ ከዓሣ ይማራልን?

(በእንጦጦ ማርያም ለተሰበሰቡ የኅብረቱ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዳገቱን ወጥታችሁ ትንፋሻችሁ ገና ሳይመለስ ስለ ዓሣ ልናገር መነሣቴ ሳያስቃችሁ አይቀርም። በዚህ ተራራ ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ እንጂ ዓሣ አይደለም። ነገር ግን የቆምንበት ስፍራ የውኃ መለያ ነው። በስተ ደቡብ የወረደው ዝናም በአዲስ አበባ ወንዞች አልፎ ወደ አዋሽ ሲገባ፣ በስተ ሰሜን የወረደው በሙገር በኩል ከዓባይ ይቀላቀላል። ያን ውኃ በሐሳብ ተከትለን ዓባይን ሽቅብ ብንወጣ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይገጥመናል። ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣው አይችልም፤ ከዚያ በላይ ያሉት የጣና ዓሦች ከታችኞቹ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው የኖሩትም ስለዚህ ነው።

ከእነርሱ መካከል ዛሬ የማነሣው ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ የሚባለውን ወገን ነው። ሊቃውንት በጣና 15 ዓይነት ቆጥረዋል፤ ከ15ቱ 8ቱ በብዛት ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውምና። ጥርሱ ያለው በጉሮሮው ውስጥ ነው። ታዲያ ያለ ጥርስ አዳኝ ለመሆን ምን አደፋፈረው ብትሉ፣ በታችኛው ዓባይ የሚኖረው ናይል ፐርች ፏፏቴውን ስላልወጣ የአዳኝነቱ ስፍራ በጣና ባዶ ነበር። ተፈጥሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ አፉንና አካሉን ለዚሁ ሥራ አበጀችለት። ዳሩ ግን አካሉ ከመለወጡ አስቀድሞ አንዱ ረኃብተኛ ያልተለመደ ነገር ሳይሞክር አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

ይህን እምነቴን የሚደግፍ ሙከራ አለ። ላላንድና ሪደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጋፒ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ በተጠላለፈ መተላለፊያ ውስጥ ምግብ እንድትፈልግ አደረጉ። አዲሱን መንገድ ቀድመው ያገኙት ከጠገቡት ይልቅ የራባቸው፣ ከትልልቆቹ ይልቅ ትንንሾቹ፣ ከወንዶቹም ይልቅ ሴቶቹ ነበሩ። (እኅቶቻችን ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው ብታቆዩልኝ ደስ ይለኛል።) በፈረንሳይ አገር በአልቢ ከተማ ደግሞ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ወደ ታርን ወንዝ የገባ ከአምባዛችን ጋር የሚዛመድ ትልቅ ዓሣ፣ ውኃ ሊጠጡና ሊታጠቡ የሚወርዱትን ርግቦች ወደ ዳሩ እየተወረወረ መንጠቅ ተለማምዷል። በ2012 የታተመው ጥናት 54 ሙከራዎች ቆጥሮ፣ ከመቶ 28 ያህሉ እንደ ሠመሩ ይናገራል።

አንዱ የፈጠረው ወደ ሌላው ካልተላለፈ ግን አብሮት ይሞታል። ሔልፍማንና ሹልትስ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳዩን ይህንኑ መተላለፍ ነው። በካሪብያን ባሕር ግረንት የሚባሉት ወጣት ዓሦች በምሽትና በንጋት በተወሰነ መንገድ ይመላለሳሉ። ተመራማሪዎቹ እንግዶችን አምጥተው ከነባሮቹ ጋር ቀላቀሉ፤ እንግዶቹም ተከትለው ሄዱ። ነባሮቹ ሁሉ ከተነሡ በኋላ እንግዶቹ ያንኑ መንገድ ብቻቸውን ያዙ። ነባሮቹን ለመከተል ዕድል ያላገኙት ግን መንገዱን አላወቁትም። ዎርነር የተባለው ሊቅ ደግሞ በፓናማ ባሕር አንድ ሌላ ዓይነት ዓሣ ከመኖሪያው ፈጽሞ አንሥቶ፣ በምትኩ የዚያኑ ዓይነት ከሌላ ስፍራ አመጣ። በ1988 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፣ አዲሶቹ የቀድሞዎቹን የመራቢያ ቦታ ትተው የራሳቸውን መረጡ። ቦታው የተወሰነው በድንጋዩና በውኃው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በልማድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ በክረምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ የኖሩትን ሐይቅ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባበት። መረቡ የሚዘረጋው ዓሣው በተሰበሰበበት፣ ማለትም በወንዞቹ አፍ ላይ ሆነ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ። ለዓሣ አስጋሪው ቤተሰብ የዕለት እንጀራው ነው፤ በጾም ወራት ዓሣ የምንፈልገውም እኛው ከተሜዎቹ ነን፤ ስለዚህ ፍርዱን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ደግ አይመስለኝም።

ነገር ግን ሒሳባችን ጎደሎ ነው። እኛ የምንቆጥረው ኪሎውን ነው። የካሪብያኑ ነገር ለነጭ ዓሣም የሚሠራ ከሆነ፣ በጉማራ አፍ የሚጠመደው ትልቁ ዓሣ ሥጋና እንቁላል ብቻ ሳይሆን መንገዱን የሚያውቅ መሪም ነው። ትንንሾቹ ቢተርፉ እንኳ ማንን ተከትለው ይወጣሉ? ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ቢሆን፣ በሌላው ጊዜ ከሚደረገው ቍጥጥር ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ለሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችንም ሥራ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊራቡ የደረሱ ዓሦችን ከግልገል ዓባይ አፍ ወስዶ፣ ምልክት አስሮ፣ ግማሹን ነባሮቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ግማሹን ከወጡ በኋላ በርብ አፍ መልቀቅ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ደፍርሶ ዓሣውን በዓይን ስለማያሳይ፣ የትኞቹ እንደ ወጡ ከላይ በወንዙ ውስጥ በመረብ እየያዙ ምልክቱን አይቶ መልሶ መልቀቅ ያስፈልጋል። ሁለት ክረምት፣ አንድ ጀልባና ጭቃ የማይፈሩ ስድስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ስማችሁን ለመስጠት የምትፈልጉ ከዚህ ሳንወርድ እዚሁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ።