ባሌስትራ ሳይመረመር አይቀባ

ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ልጀምር። የዛሬው ጉዳያችን የአሮጌ ፒክአፕ ባሌስትራ ማደስና መቀባት ነው። «ይሄ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልገዋል?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የማስበው።

አንድ ጊዜ አሮጌ ሃይሉክስ ለዓመታዊ ምርመራ ሊቀርብ ሲል ባለቤቱ «ከሥር አሳምርልኝ» አለኝ። ጭቃውን አጠብኩ፤ ዓይኔ ያየውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ጥቁር ሲንቴቲክ ቀለም ረጨሁበት። ባሌስትራው እንሶስላ እንደሞቀች ሙሽራ አማረ። መኪናው ቦሎውን ወሰደ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሲሚንቶ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ከተደራረቡት ብረቶች ዋናው፣ ሻንሲው ላይ በሚታሰርበት ጆሮው አጠገብ ተሰበረ። የኋላው ዲፈረንሻል ወደ ጎን ሸሸ፤ ሾፌሩ መሪውን ቢታገልም መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የቆመው። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ስብራቱን ሳየው ግማሹ ዝጎ የጠቆረ አሮጌ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ እንደ ብር የሚያበራ አዲስ። በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ የእኔ ቀለም ገብቶ ደርቋል። ስቀባው ስንጥቁ እዚያው ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ የሸፈንኩት።

ባሌስትራ የሚለው ቃል፣ እንደ ብዙው የጋራዥ ቋንቋችን፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። እዚያ በጥንቱ ዘመን ፍላጻ የሚወረውረውንም መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ስሙ ሥራውን ይገልጻል፤ ጎብጦ ኃይል ያጠራቅማል፣ መልሶ ይለቃል። ጭነት ሲመጣበት የእያንዳንዱ ብረት የላይኛው ፊት ይለጠጣል፣ የታችኛው ይጨመቃል። ብረት የሚሰነጠቀው ደግሞ በሚለጠጥበት በኩል ነው። ከዋናው በቀር የሌሎቹ የላይኛው ፊት ከበላያቸው ባለው ብረት ተሸፍኗል። ስለዚህ ባሌስትራውን ሳይፈታ «አይቼዋለሁ» የሚል ሰው ያየው ጠርዙን ብቻ ነው።

ዝገቱም የሚጀምረው በዚያ በማይታየው ቦታ ነው። ውኃና አቧራ በብረቶቹ መካከል ይገባል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ብረቶቹን እየገፋ ያራርቃቸዋል፤ ከሥሩም ጉድጓድ ጉድጓድ ያበጃል። እያንዳንዷ ጉድጓድ የስንጥቅ መነሻ ናት። ወደ አፍዴራ ጨው ለመጫን የሚመላለሱ መኪናዎችን የፈታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብረቱ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ነው የሚመጣው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ካስወደደው ወዲህ ደግሞ ሰው ያለችውን ፒክአፕ አጥብቆ ይዟል። እነዚህ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት እጃችን ላይ ናቸው።

ሥራው ላይ እንምጣ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ማንም ከሥሩ አይገባም፤ ሻንሲው በብረት ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ባሌስትራው ከወረደ በኋላ መሃል ብሎኑን ዝም ብላችሁ አትፍቱ። ብረቶቹ ጎብጠው የታሰሩ ናቸው፤ ሲለቀቁ ጣት ይቆርጣሉ። መጀመሪያ ሞርሳ ላይ አጥብቁ፣ ብሎኑን አውጡ፣ ከዚያ ሞርሳውን ቀስ እያላችሁ አላሉ። ሲገጠም እንዳይምታታ ቅደም ተከተላቸውንና የፊት የኋላ ጫፋቸውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

ቅባቱን በናፍጣ ካስለቀቃችሁ በኋላ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ ናፍጣ የሚተወው ቅባት ላይ ቀለም አይዝም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አንሡ፤ ፍተጋው በብረቱ ርዝመት እንጂ በወርዱ አይሁን። በወርዱ የተሠራ ጭረት ለስንጥቅ መንገድ ይጠርጋል። ድንጋይ የተገጠመበት ግራይንደር እዚህ ቦታ የለውም፤ ብረቱን ይበላል፣ ያግላል።

የባትሪ አሲድ አፍስሶ ዝገት ማስለቀቅም አለ፤ እባካችሁ ተዉት። አሲዱ ከብረቱ ጋር ሲዋጋ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፤ ወደ ጠንካራው ብረት ሰርጎ ይገባና ተሰባሪ ያደርገዋል። ብረቱ ዛሬ ደህና ይመስላል፣ ከቀናት በኋላ ይሰነጠቃል። በእሳት አግሎ ማጉበጥ ወይም የተሰበረውን መበየድም ያው ነው። ባሌስትራ በልኩ ግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው ባሌስትራ የሆነው። ያንን ልክ ያጠፋ እሳት ብረቱን ለማረሻና ለገጀራ ያዘጋጀዋል፤ ለመኪና ግን ጨርሷል። ቀጥቃጮች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

አሁን ምርመራው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የጸዳውን ብረት ላምባ ቀቡትና ጥቂት አቆዩት፤ ከዚያ በጨርቅ አድርቃችሁ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ቀስ እያለ ጠመኔውን ያረጥበዋል፤ ቀጭን ጥቁር መስመር ትወጣለች። ጆሮው ዙሪያ፣ መሃል ብሎኑ ቀዳዳ አካባቢ፣ የአጭሩ ብረት ጫፍ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደጋግማችሁ እዩ። መስመር የወጣበት ብረት ይጣላል። «ትንሽ ናት» የሚባል ስንጥቅ የለም። ደንበኛው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ባሌስትራ ቢያመጣም በዚሁ ላምባና ጠመኔ ይፈተን፤ ከማን መኪና እንደወረደ አናውቅም።

ቀለሙ አጭር ነገር ነው። ከምርመራው የተረፈውን ላምባና ጠመኔ አጥቡ፣ አድርቁ፣ በቲነር ጥረጉ፣ አንቲራስት ቀቡ፣ ሲደርቅ ከላይ ጥቁር። ብረቶቹ በሚፋተጉበት ፊት ላይ ግን ስስ ይሁን። በተለይ ዲፈረንሻሉ ላይ በሚታሰርበት መሃሉ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ሥራ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ ያጠበቃችሁት ዳዶም ይላላል። የማሰሪያ ብሎኖቹን አዲስ አድርጉ፤ አንዴ የተሳበ ብሎን እንደ ድሮው አይዝም። መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሲመለስ እንደገና አጥብቁ። ጎሚኒ የገባባቸውን የጆሮ ብሎኖች ደግሞ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ሲቆም ነው፤ በአየር ላይ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀደዳል።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር። ከአሮጌ መኪና የምንፍቀው ቀለም፣ በተለይ ብርቱካን መልክ ያለው የድሮው ጸረ ዝገት፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን ደንብ ከ90 ፒፒኤም በላይ እርሳስ ያለበት ቀለም ተከልክሏል፤ ነገር ግን ደንቡ ትናንት የተቀባውን አይፍቅልንም። እርጥብ አድርጋችሁ ፈትጉ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ቱታውን ልጆቻችሁ ወዳሉበት ቤት ይዛችሁ አትግቡ።

ጥግ ላይ የቆመችውን ነጭ ፒክአፕ አይታችኋታል። ባሌስትራዋ ትናንት ታጥቦ አግዳሚው ላይ ተዘርግቷል፤ ላምባውን ጠዋት ቀብቼዋለሁ። ጠመኔው እዚህ አለ። ኑ፤ መስመሯን ቀድሞ ያገኘ የዛሬውን ሻይ አይከፍልም።