መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ?

ዛሬ የምንነጋገረው የቤታችን መብራት ሲጠፋ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው።

አንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ዓርብ ሌሊት መብራቱ በድንገት ጠፋበትና ተበላሽቷል ብሎ በጨለማ አደረ። ሰንበት እንደወጣ አባትየው ቢላዋ ይዘው ወንበር ላይ ወጡ። ቢላዋው ገና ሽቦውን ሳይነካ መብራቱ ቦግ አለ። ለካ የሚያጠፋውም የሚያበራውም ሻዖን ሻባት የሚባለው የሰንበት ሰዓት ነው! አባትየውን እግዚአብሔር አተረፋቸው። በግድግዳችን ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። አምፖል ጠፋ ማለት ሽቦው ኃይል የለውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ ወደ ውጭ ተመልከቱ። ደረጃውም ጎረቤቱም ጨለማ ከሆነ ችግሩ ከቤታችሁ አይደለም፤ ወደ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ103 ደውሉ።

የጠፋው የእናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ሉዋሕ ሐሽማል የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ክፈቱ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን። የሰንበቱን ሰዓት እዩ። ቀጥሎም ወደ ታች የወረደ ቁልፍ ፈልጉ። የወረደው ፓሓት የሚባለው ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ወደማይገባው ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ትንንሾቹን ቁልፎች ሁሉ አውርዱ፤ ከዚያ ፓሓቱን አንሱ፤ ከዚያ ትንንሾቹን አንድ በአንድ አንሱ። ፓሓቱን መልሶ የጣለው ቁልፍ የተበላሸው መስመር ነው። እሱን እንደወረደ ተዉት፤ ሌላው ቤት ይበራል። ሁሉም ወርደው ሳለ ፓሓቱ አልነሳ ካለ ግን አትታገሉት። እንዳይወርድ ማሰርማ ሞትን መጋበዝ ነው።

የጠፋው አንድ አምፖል ብቻ ቢሆንስ? የመብራቱን ቁልፍ ከሰሌዳው አውርዱ፤ አምፖሉ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ለውጡት። በመብራቱ ላይ ከተጻፈው ዋት የሚበልጥ አምፖል አታስገቡ።

አዲሱም አምፖል ካልበራ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ማብሪያው ከጋለ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወይም ከጣሪያው ውኃ ከወረደበት፣ መስመሩን ከሰሌዳው አጥፍታችሁ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ጥሩ። ከ1954 ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። የተከራያችሁ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ወዲያውኑ ንገሩ።

ልጆቻችሁም ይህን ይወቁ። በደህና ቆዩን።