ለአሥር ቀን መጥቼ

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ሪፖርት ሳይሆን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቀጥሬ ስሠራ እናቴ ታመመች። የአሥር ቀን ፈቃድ ይዤ፣ ከለሚ ቁልቁል ወርጄ ጀማን ተሻግሬ ዓለም ከተማ ገባሁ። ሕመሟ ጸና፤ እኔም በዚያው ቀረሁ፤ ሥራዬም አመለጠኝ። የተማርኩት ሁሉ ከንቱ መሰለኝ።

ማኅበራችን መዝገብ ያዢልን ሲለኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ንቄ ነው የገባሁት። ገንዘብ ያዣችን ፊደል አልቆጠሩም። ለእያንዳንዷ አባል መልኩ የተለየ ጨርቅ ቋጥረው፣ ወርኃዊ ቁጠባዋን በከፈለች ቁጥር አንዲት ባቄላ ይጨምራሉ። ሳቅሁባቸው።

በሦስተኛው ወር አንዲት ጠላ ሻጭ እህታችንን፣ “የሁለት ወር አልከፈልሽም” አልኳት። በሰው ፊት አለቀሰች። እማማ ዝም ብለው ቋጠሮዋን ፈቱ፤ ሦስት ባቄላ። ለካ ክፍያዋን በሞክሼዋ ገጽ ላይ ጽፌው ኖሯል!

እዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ መዝገቡና ባቄላው ሳይመሳከሩ አልፈርምም። ረጂዎቻችንም ፊርማዬን ስታዩ የእማማን ባቄላ አስታውሱ።

እናቴ ድናለች፤ ያቻትና ከኋላ ተቀምጣለች። የእኔ አሥር ቀን ግን እስካሁን አላለቀም።