ጥፋተኛውን ሳይሆን ጥፋቱን



በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ፥ በዩታ ተራሮች ተሰብስበው «አጃይል» የተባለውን የአሠራር መመሪያ ጻፉ። ከፍሬ ነገሩ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ሠርቶ ቶሎ ለባለጉዳዩ ማሳየት፤ በየጊዜውም ቆም ብሎ አሠራርን መመርመር።

እኛም ለባቲ የሰኞ ገበያ ነጋዴዎች የሒሳብ መመዝገቢያ ስንሠራ ይህን መመሪያ የተከተልን መስሎን ነበር። ማለዳ ማለዳ ቆመን መነጋገሩን አልተውንም፤ ሥራውን ለነጋዴዎቹ ያሳየነው ግን ከ3 ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ኦሮምኛው የት አለ?» የሚል ሆነ። የኦሮሚያ ዞን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ መሆኑን እያወቅን፥ እኛ የከሚሴ ልጆች ይህን መርሳታችን አሳፈረን።

ከዚያ ለምርመራ ተቀመጥን። ስብሰባው ግን ያው የለመድነው ግምገማ ሆነ፤ «ማን አጠፋ?» ተባለ እንጂ «ምን ጎደለ?» የሚል አልተገኘም። ለካ ከመካከላችን ነገሩን አስቀድሞ ያሰበ ነበረ፤ እንዳይነቀፍ ፈርቶ ዝም ብሏል።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ባቲ ሄደን ሥራችንን እናሳያለን። በማግስቱ ሰውን ሳይሆን አሠራሩን እንመረምራለን፤ አንድ ማሻሻያም ብቻ መርጠን እንይዛለን።

ጓደኞቻችን፤ አባሎቹ ስሕተትን ያለ ፍርሃት የማይነጋገሩበት ማኅበር፥ የቱንም መመሪያ ቢከተል አይሻሻልም።