ሁለት ማስመሪያና አንዲት መርከብ

(በጁባ ከተማ፥ በኒምራ ታላታ ሰፈር፥ ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ማስተማር ሥራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ታላላቆቼ ተቀምጠው ሳሉ፥ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለሁ ሰው ምን የሚረባ ነገር እናገራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን ስለማውቀው ሳይሆን ስለ ተሳሳትሁት ነገር ብናገር ይሻላል አልሁ፤ ስለ ስሕተት ለመናገር ሽበት አያስፈልግምና። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከሠልጣኞቼ ጋራ ሆነን ስለ ሠራናት አንዲት ትንሽ የእንጨት መርከብ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከባሕር በራቀ አገር የመርከብ ነገር ምን ይሠራል? የሚል አሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ደቡብ ሱዳንም በ2011 ነጻ መንግሥት ስትሆን ያለ ባሕር ነው የቆመችው። ነገር ግን ከዚህ ሰፈር ወደ ምሥራቅ ወርዶ ነጭ ዓባይን የተመለከተ ሰው፥ ሸራ የዘረጋ መርከብ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑን ይረዳል። በ1841 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ መርከቦች በሰሊም ቃፑዳን መሪነት ከካርቱም ተነሥተው፥ እዚሁ ቅርብ እስካለው እስከ ጎንዶኮሮ ድረስ መጥተዋል። ከዚያ በላይ ወንዙ በዐለትና በፏፏቴ ለመርከብ የተዘጋ ስለሆነ ወደ መጡበት ተመለሱ።

የእኔ ዋና አሳብ ግን መርከብ ማስተማር አልነበረም፤ ልክን ማስተማር ነበር። ሠልጣኞቼ ነገ ወደየትምህርት ቤታቸው ሄደው ስለ ጥምርታና ስለ መጠን ለሕፃናት የሚናገሩ ናቸው። ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተገለበጠ ቁጥር ፈተና ካለፈ በኋላ ይጠፋል፤ በመጋዝና በሞረድ የተማሩት ቁጥር ግን በእጅ ውስጥ ይቀራል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

የመጀመሪያ ምኞቴ የአፄ ካሌብን መርከብ መሥራት ነበር። ሁላችሁም እንደምታውቁት፥ በናግራን ስለ ተገደሉት ክርስቲያኖች፥ የአክሱም ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ሠራዊቱን በመርከብ አሳፍሮ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። በግሪክኛ የተጻፈው የሰማዕቱ የኂሩት ታሪክ፥ የአዱሊስ ወደብ በሆነችው በገበዛ 60 መርከቦች ከልዩ ልዩ ስፍራ እንደ ተሰበሰቡና ንጉሡም ሌሎች 10 እንዳሠራ ይነግረናል። በዚያው ዘመን የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስም በዚያ ባሕር የሚመላለሱ መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር የተመታ ሳይሆን በገመድ የተጠመረ እንደ ነበረ ጽፏል። ይህ ሁሉ ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመርከቦቹ ርዝመት ስንት ክንድ፥ ወርዳቸውም ስንት ስንዝር እንደ ነበረ ጸሐፊዎቹ ልኩን አልተዉልንም። ልክ ከሌለ ደግሞ የሚሠራው ሥዕል እንጂ ሞዴል ሊባል አይችልም። አገሬን ስለ ወደድሁ ብቻ ከራሴ ልክ ፈጥሬ ለሠልጣኞቼ እውነት ነው ብዬ መስጠት አልተገባኝም። ስለዚህ ምኞቴን አቆይቼ፥ ሁለመናዋ የተለካች የጦር መርከብ ፈለግሁ።

እርስዋም የስዊድን ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት ቫሳ የተባለችው መርከብ ናት። ቫሳ 64 መድፍ ተሸክማ በ1628፥ በነሐሴ ወር በ10ኛው ቀን፥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ከስቶክሆልም ወደብ ተነሣች። 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ነፋስ ጎኗን ገፋት፤ ዘመም ባለች ጊዜ በተከፈቱት የታችኛው ደርብ የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ፤ ወዲያውም ሰጠመች። ወደ 30 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ባሕር ጨው ስለሚያንስ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ ስለዚህ መርከቧ 333 ዓመት በጭቃ ውስጥ ሳትበሰብስ ቆይታ በ1961 ወጣች። ዛሬ በስቶክሆልም በራሷ ሙዚየም ቆማ ትታያለች፤ ሊቃውንትም እያንዳንዷን ሳንቃ ለክተዋል።

የሰጠመችበት ምክንያት ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት አለው። ከውሃ በላይ ያለው አካሏ፥ ሁለቱ የመድፍ ደርቦችና የላይኛው ሕንፃ፥ ከውሃ በታች ላለው አካሏ እጅግ ከብዶ ነበር። ማርጊያ እንዲሆን በሆዷ የተጫነው 120 ቶን ያህል ድንጋይ ሊያቆማት አልቻለም። ከዚህም ጋራ ሊቃውንቱ በመርከቧ ውስጥ አራት የአናጢ ማስመሪያዎች አግኝተዋል፤ ሁለቱ በስዊድን ጫማ፥ ማለት በ12 ኢንች፥ ሁለቱ ደግሞ ከርሱ በሚያጥረው በአምስተርዳም ጫማ፥ ማለት በ11 ኢንች የተከፈሉ ነበሩ። የመርከቧም ግራና ቀኝ እኩል አይደለም። ለመስጠሟ ዋናው ምክንያት ይህ ባይሆንም፥ በአንድ ሥራ ላይ ሁለት ዐይነት ልክ ሲገባ ምን እንደሚሆን ይመሰክራል። ይህን ታሪክ ከሥራው በፊት ለሠልጣኞቼ በሰፊው የተረክሁላቸው እኔው ራሴ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሥራችንን የጀመርነው መጠኑን በመወሰን ነው። እንዲቀል ብለን አንዱን ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር አደረግን፤ ይኸውም መቶኛ እጅ ነው። የቫሳ ርዝመት ከአፍንጫ እንጨቷ ጋራ 69 ሜትር ነው፤ የእኛዋ 69 ሳንቲ ሜትር ሆነች። ከፍታዋ 52.5 ሜትር፥ ወርዷ 11.7 ሜትር፥ በውሃ ውስጥ የሚጠልቀው አካሏ 4.8 ሜትር ነው፤ እነዚህንም ሁሉ ወደ ሳንቲ ሜትር መለስናቸው። እስከዚህ ሁሉም ደስ አላቸው። ቀጥሎ ስለ ሸራው ጠየቅኋቸው። የቫሳ ሸራዎች ስፋት 1,275 ካሬ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ግን የሚያንሰው መቶ ጊዜ ሳይሆን አሥር ሺህ ጊዜ ስለሆነ፥ ለእኛ 1,275 ካሬ ሳንቲ ሜትር አቡጀዲ በቃን። ክብደቱስ? ሚሊዮን ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ 1,210 ቶን የምትመዝነው መርከብ በእኛ እጅ 1,210 ግራም ሆነች። ይህን በሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ባስተማርሁ ጊዜ ሲያንቀላፉ የነበሩ ሠልጣኞች፥ ሚዛኑን አምጥተው በአሸዋ ከረጢት በመዘኑት ጊዜ ጭብጨባ አሰሙ። ሁሉም ነገር እንደማያንስ ደግሞ ከአቡጀዲው ተማርን። ውፍረቱ ሢሶ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ በመቶ ቢባዛ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሸራ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሸራ ደግሞ በዓለም የለም። ሞዴል እውነትን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ይናገራል።

እንጨቱን ያገኘነው እዚሁ ኒምራ ታላታ ከአናጢዎች ደጅ ነው። በኢኳቶሪያ ምድር በእንግሊዞች ዘመን የተተከለው የቲክ ዛፍ ዛሬ አልጋና በር ይሠራበታል፤ ከመጋዙ ሥር የሚወድቀው ቁራጭ ለእኛ ወርቅ ነበር። ቲክ በዝናብና በበጋ ብዙ የማያብጥና የማይኰማተር መልካም እንጨት ነው፤ ነገር ግን ቅባት ስላለበት ኮላው እንዳይለቅ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይገባዋል። የመርከቧን ጀርባ አጥንት አቆምን፤ ጎድኖቿን በርሱ ላይ ደረደርን፤ ከዚያም በስስ የተሰነጠቀውን ሳንቃ በፈላ ውሃ ዘፍዝፈን፥ ሲለሰልስ በጎድኖቹ ላይ እያጎበጥን አለበስናት።

ጥፋቱ የገባው በጎድኖቹ ላይ ነው። የጎድን ንድፍ የሚሠራበት ትክክለኛ መንገድ ይታወቃል፤ ግማሹ ብቻ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ወረቀቱ በመካከሉ ይታጠፋል፤ በአንድ መቀስ ሁለቱም ወገን ይቈረጣል፤ ግራና ቀኝም ያለ ጥርጥር እኩል ይሆናል። ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን እንግዶች ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙበት ቀን ስለ ደረሰ፥ ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አንዱ ወገን ግራውን፥ ሌላው ወገን ቀኙን እንዲነድፍ አዘዝሁ። የሁለቱ ወገኖች ማስመሪያ ግን አንድ አልነበረም። የአንደኛው ዜሮ ከጫፉ ይጀምራል፤ የሁለተኛው ዜሮ ከጫፉ አራት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው። የግራው ወገን ይህን ሳያስተውል ከጫፉ ለካ። አራት ሚሊ ሜትር በእኛ መጠን 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

አንድ ዝምተኛ ሠልጣኝ፥ ገና ሦስት ጎድን እንደ ቆመ፥ ወደ እኔ ቀረበና “ኡስታዝ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የግራው ከቀኙ የሚሰፋ መስሎ ይታየኛል። ብንለካው አይሻልም?” አለኝ። ባየው ጊዜ እውነቱን እንደ ሆነ ዐይኔ ነግሮኝ ነበር። ነገር ግን ቀኑ አጥሯል፤ ደግሞም በሰው አገር የማስተምር እንግዳ መምህር ስለሆንሁ፥ በክፍሉ ሁሉ ፊት ተሳሳተ መባልን ፈራሁ። “በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ አንተ ሥራህን ቀጥል” አልሁት። እርሱም እሺ ብሎ አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ።

እንግዶቹ መጡ፤ መርከቧን አይተው አደነቁ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ። በማግሥቱ በትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልተን፥ በሆዷ መካከል የአሸዋውን ክብደት አስተካክለን አስቀመጥናት። ወዲያው ጠባቡ ወደ ሆነው ወደ ቀኝ ጎኗ ዘመመች። አሸዋውን ብናዛውር፥ ብናስተካክል፥ እንደ ዘመመች ቀረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሠልጣኝ አንድም ቃል ሳይናገር ሁለቱን ማስመሪያዎች አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ አንድ ሌላ የቫሳ ነገር ነው። መርከቧ ሳትነሣ 30 ሰዎች ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ ተፈትና ነበር። ሦስት ጊዜ እንደ ሮጡ እጅግ ስለ ተወዛወዘች፥ በዚያ የነበረው አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ፈተናው እንዲቆም አዘዘ። መርከቧ ግን አልቆመችም፤ ጉዞዋን ቀጠለች። ንጉሡ በውጭ አገር በጦርነት ላይ ሆኖ ሥራው እንዲፋጠን ያዝዝ ነበር፤ ልኳንም የፈቀደው እርሱ ነው። የመርከቧ ዋና አናጢ ሄንሪክ ሂበርትሶን ከአንድ ዓመት በፊት ሞቷል። ከመስጠሟ በኋላ ምርመራ ተደረገ፤ የተቀጣ ሰው ግን አልተገኘም። ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው ነው።

በስቶክሆልም መርከቧ ስትወዛወዝ ያዩ ሰዎች ጉዞዋን አላስቆሙም። በእኔ ክፍልም ያየው ሰው ተናግሯል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ የእኔ ጥፋት ከዚያኛው አይለይም። በትንሽ መርከብ ሰው አይሞትም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ያ ወጣት ነገ መምህር ነው። መምህር ሲሳሳት አይነገርም የሚለውን ትምህርት ከእኔ ወስዶ ቢሆን ኖሮ፥ በስንት ክፍል ስንት ሕፃን ዝም ያሰኝ ነበር!

ስለዚህ በሠልጣኞቼ ሁሉ ፊት ቆሜ “ጥፋቱ የማስመሪያው አይደለም፤ የእኔ ነው፤ ተነግሮኝ አልሰማሁም” አልሁ። የፈራሁት መናቅ አልመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው በዛ፤ ልኬም በየቀኑ ይመረመር ጀመር። ሁለተኛዪቱን መርከብ በአንድ ማስመሪያ፥ ወረቀቱን እያጠፍን ሠራናት፤ በሳፋውም ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የዘመመችውን ግን አልጣልኋትም፤ ሁለቱም በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ በመጀመሪያ የማሳየው የዘመመችውን ነው።

በመካከላቸውም አንድ ሌላ ነገር አለ፤ በጫፋቸው ተበስተው በገመድ የተሰፉ ሁለት የቲክ ሳንቃዎች። ይህ የአፄ ካሌብ መርከብ ነው፤ ወይም ከእርስዋ ያለ ሐሰት ልሠራው የቻልሁት ይህ ብቻ ነው። ቅርጿን አላውቅምና አልሠራሁትም፤ ስፌቷ ተጽፎልናልና ሰፋሁት። ሠልጣኞቼ “የቀረውስ?” ብለው ሲጠይቁኝ፥ “የቀረውን የሚለካ ሰው ገና ይመጣል፤ ምናልባት ከተማሪዎቻችሁ አንዱ ይሆናል” እላቸዋለሁ።

አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቍረጥ ይላል ያገራችን ሰው። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንድጨምር ፍቀዱልኝ፤ ልክህ ተሳስቷል ሲሉህም መጋዙን አስቀምጠህ ስማ።